ዓይኔን ጨፍኜ ያሰብኩበት የሰርግ ወራት

ሰኔ 4

አልማዝ ባለጭራው ድኗል ይላሉ። ቆዳዬን ላየ ሰው እውነት ይመስላል፤ ከግራ ጎኔ እስከ ጀርባዬ የነበረው ሽፍታ ደርቆ ረግፏል። ሕመሙ ግን መዳኑን አልሰማም። ውጣ ቢሉት እንደማይወጣ ተከራይ ጎኔ ውስጥ ተቀምጧል። ካናቴራ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ አንሶላ ሲነካኝ ያቃጥለኛል። ካባዬንማ ትናንት ትከሻዬ ላይ ጣል ባደርገው እንደ ልጅ ጮህኩ፤ ባለቤቴ ፊዳ ዶሮዎቿን ትታ ከጓሮ ሮጣ መጣች።

የሰርግ ወራት ደግሞ ደርሷል። ከባሕረ ሰላጤው አገር ለእረፍት የመጣ ጎረምሳ ሁሉ ዘንድሮ ካላገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እዚህ ከረክ ከተማ ውስጥ ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌዎቹን ማን ይመራል? እኔ፣ አቡ ጋሊብ። ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጎሳችን አፍ እኔ ነኝ። ካባ ያልለበሰ ሽማግሌ ደግሞ ሽማግሌ አይደለም፣ አላፊ አግዳሚ ነው።

ዛሬ የሟች ወንድሜ ልጅ ሚቅዳድ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። እሱም ሐኪም ነው፤ የከብት ይሁን እንጂ። ዶክተር ሲሪን የምትባል ለጋ ልጅ መረመረችኝና ሽፍታው ሲድን ነርቩ ተጎድቶ ቀርቷል አለች። የነርቭ ሕመም እንክብል አዘዘችልኝ፤ ከዚያም ብዙ ተናገረች። ፊዳ አገጯን ይዛ ታዳምጣለች፣ እኔ ስለ ካባዬ አስባለሁ።

"አባባ፣ እየሰሙኝ ነው?" አለች። "ማታ ማታ አንድ። ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልዎት ይችላል፤ መኪና እንዳይነዱ። በራስዎ አይጨምሩ፣ በራስዎ አያቁሙ። እንቅልፉ ካስቸገረዎት መጥተው ይንገሩኝ፣ እናስተካክለዋለን።"

"ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተኙ ተማሪዎች ስቀሰቅስ የኖርኩ ሰው ነኝ" አልኳት።

ሰኔ 7

ይሠራል! ሌሊቱን እንደ ሰው ተኛሁ። ጠዋት ካባዬን ለብሼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ይለበልባል፣ ግን ያስችላል።

ለማታ የበጀ ነገር ለጠዋት የማይበጅበት ምክንያት ስላልታየኝ ጠዋትም አንድ ዋጥኩ። ሽምግልና የሚኬደው ቀን ነው። ዶክተሯ ይህን አላሰበችበትም። ለፊዳ መንገር አያስፈልግም።

ሰኔ 12፣ ዓርብ

ለጎረቤታችን ልጅ ሽምግልና ሄድን። እንደ ወጉ ተደርድረን ተቀመጥን፤ መራራውን ቡና ቀድተው ፍንጃሉን ከፊቴ አኖሩት፤ እኔም እንደ ወጉ ሳልነካው ተውኩት። የልጅቱ አባት "ጠጡ፣ የጠየቃችሁት ተሰጥቷችኋል" ሳይል ፍንጃል የሚያነሳ ሽማግሌ ገና አልተወለደም።

ንግግሬን አሳመርኩ። አባትየው ግን ከቡናው በፊት የወርቁን ነገር እንጨርስ አለና የሙሽራን አንገት የሚሰብር ወርቅ ጠራ። መልሱን ለማሰላሰል ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አባትየው ላቡን ይጠርጋል።

"እሺ አቡ ጋሊብ፣ እሺ! ግማሹ ይሁን። ብቻ እንዲህ አይቀየሙን።"

ከዚያ በፊት ሩቡን ቀንሶ ነበር አሉ፤ አላስተዋልኩም። ሰው ሁሉ ተደነቀ። ስንወጣ አንዱ እጄን ስሞ "ስንናገር ኖረናል፣ ዝምታ እንዲህ እንደሚያዋጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ" አለኝ።

በመኪና ስንመለስ የሚነዳው ሚቅዳድ ነበር።

"አጎቴ።"

"እ።"

"አንኮራፉ እኮ።"

"ጉሮሮዬን ጠርጌ ነው።"

"እየደጋገሙ?"

"አቧራ ነበር።"

ጥሩ ልጅ ነው። ከበሬ ጋር ስለሚውል ግን የሚያስብ ሰው ሲያይ አይለይም።

ሰኔ 16

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈን አደረግኩ። ስነቃ፣ ማለቴ ስገልጠው፣ ግማሽ ሪዜ የለም።

"ላሳጥረው ወይ ብዬ ጠየቅኩዎት፣ ራስዎን ነቀነቁ" አለኝ።

ራስ ሲነቀነቅና ራስ ሲወድቅ የማይለይ ሰው እጅ ላይ ምላጭ የሰጠ ማን ነው? ሁለቱ ወገን እኩል ይሁን ብሎ የቀረውንም ላጨው። ቤት ስደርስ ፊዳ በሩን ከፍታ አየችኝና "ማንን ፈለጉ ጌታዬ?" አለችኝ። እስካሁን ትስቃለች።

ሰኔ 21

ዝናዬ ከከተማችን አልፎ ተፊላ ደርሷል። "የአቡ ጋሊብ ዝምታ" ይሉታል። የልጅቱ አባት ወርቅ ይጠራል፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ወርቁ ይወርዳል። በዚህ ሳምንት ብቻ ደጄ ለመጣው ሰው ሁሉ ፊዳ ሻይ ማፍላት ሰልችቷታል።

ዛሬ ሥጋ ልገዛ ሄጄ በሩ ላይ ስደርስ የአጎቴን ልጅ የአቡ ሰኽርን ድምፅ ሰማሁ። ይህ ሰው ከእኔ ቀጥሎ ተናጋሪ ነው፤ ከእኔ ቀጥሎ መሆኑ ነው የሚያንገበግበው።

"ዝም አይደለም የሚለው፣ ይተኛል" ይላል። "ትራስ ብታቀብሉት ሙሽራዋን በነፃ ያመጣታል።"

ሥጋ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሥጋውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ለፊዳ የዛሬው በግ አይረባም አልኳት። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ማታ ሚቅዳድ መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ ሲቁነጠነጥ ቆየና የልቡን ተናገረ። የእህል ነጋዴውን የአቡ ሹጃዕን ልጅ፣ ረናድን ይፈልጋል። እሷም ትፈልገዋለች። አቡ ሹጃዕ ግን ሰው መሰላችሁ? ከዚህ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን መልሷል፤ አንደኛውን የመለሰው ተናጋሪው የአባቱን ስም ስለተሳሳተ ብቻ ነው። አንዴ ከመለሰ ደግሞ ዳግም መጠየቅ የለም፤ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል።

ወንድሜ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ "ልጄን ዳርልኝ" አለኝ። ሌላ ምንም አልለመነኝም። ይህን ካበላሸሁ በመቃብሩ አጠገብ በምን ፊት አልፋለሁ? ለሚቅዳድ "ተኝተህ እደር፣ እኔ አለሁልህ" አልኩት። እንቅልፍ የሚለውን ቃል ባላነሳው ይሻል ነበር፤ ልጁ በዓይኑ ፊዳን ፈለገ።

ሐምሌ 2

ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀት፣ ቀስ ያለ የቁርአን ድምፅ፣ ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠ ሰው። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንዱ ክንዴን ነካ አድርጎ "አቡ ጋሊብ፣ አንድ ቃል ይበሉ" አለኝ። ተነሣሁ፣ ካባዬን አስተካከልኩ፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩና "ዛሬ ሁለት ቤት አንድ የሚሆንበት ቀን ነው! አላህ ወልደው ለመሳም ያብቃቸው!" አልኩ።

ሟቹ የልጅ ልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ ናቸው።

ብዙ ሰው አልሰማም።

ሐምሌ 3

ሰምቷል። ፊዳ ዳቦ ልትገዛ ብትሄድ "ሰርጋቸው መቼ ነው?" አሏት።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ "እንክብሉን እንዴት ነው የምትውጠው?" አለችኝ።

"ሐኪሟ እንዳዘዘችው።"

"ሐኪሟ ማታ ነው ያለችው። ብልቃጡ የሚጎድለው ግን ቀን ቀን ነው።"

"ትቆጥሪያለሽ እንዴ?"

"ዶሮዎቼንም እቆጥራለሁ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ ሰው፣ ሂድና እንቅልፉን ንገራት። ልጅቷ ንገረኝ ብላሃለች እኮ።"

ምን ብዬ ልንገራት? አልተኛሁም። ያልተኛ ሰው ምን ይናገራል?

ሐምሌ 8

አቡ ሰኽር ሐብሐብ ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። የእሱን ሐብሐብ ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ።

"ድካም ይታይብሃል ወንድሜ" አለኝ። "የሚቅዳድን ነገር እኔ ልምራው፤ አንተ ከጎኔ ተቀመጥ።"

"ከጎንህ የምቀመጠው ስሞት ነው።"

"ስትሞትማ ከእንቅልፍህ በምን እንለየዋለን?"

አስወጣሁት። ሐብሐቡን አስቀረሁት።

ከዚህ የሚብሰው ግን የማታው ነው። ውኃ ልጠጣ ስነሣ ሚቅዳድና ፊዳ ወጥ ቤት ውስጥ ይንሾካሾካሉ። "ለአቡ ሹጃዕ ነግሬዋለሁ" ይላል ልጁ። "እሱ እንዳይሰማ ብቻ" ትላለች ፊዳ። ውኃዬን ሳልጠጣ ተመለስኩ። ምን እንደነገረው ግልጽ ነው፤ ተናጋሪው አቡ ሰኽር ነው ብሎታል። የገዛ ልጄ ያህል የማየው ልጅ! አልፈርድበትም። እኔም ብሆን አንድ ሕይወቴን ሪዝ ለሌለው ሽማግሌ አልሰጥም።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንክብል የሚባል ነገር አልነካም።

ሐምሌ 10

አልዋጥኩም። አልተኛሁም። ጎኔ እሳት ነው።

ሐምሌ 11

ሸሚዝ አልችልም። ያልበኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ፊዳ ላይ ጮህኩ። ድመቷ ላይ ጮህኩ። ሁለቱም ትተውኝ ወጡ።

በኋላ ፊዳ ተመለሰች፤ ሐኪም ቤት ደውላ ኖሯል። "እንዲህ በድንገት አይቆምም ብላለች። ማታ አንድ ብቻ፣ እንደ ድሮው። ነገ እሑድ ደግሞ ራሱ ይምጣ ብላለች።" እንክብሉን መዳፌ ላይ አስቀምጣ እስክውጥ ቆመች። አፌን ከፍቼ እንዳሳያት አደረገችኝ። በዳይሬክተርነቴ ዘመን እንኳ ለማንም አፌን ከፍቼ አሳይቼ አላውቅም።

ሐምሌ 12

አልሄድኩም። "ሽምግልናውን ለሌላ ይተዉት" ብትለኝስ?

ሐምሌ 16

ነገ ነው። ሚቅዳድ መጥቶ "አጎቴ፣ ነገ እርስዎ ነዎት የሚመሩን" አለኝ። ዓይኑን አየሁት፤ ሲዋሽ አይመስልም። ታዲያ ያ ሹክሹክታ ምን ነበር? አልጠየቅኩትም።

እነዚህን ቀናት ማታ አንድ ብቻ ነው የዋጥኩት። ጭንቅላቴ ጠርቷል፤ እውነቱን መናገር ደግ ነው። ካባው ግን ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። በአቡ ሹጃዕ ፊት እያቃሰትኩ ልጅ ልለምን? ስለዚህ ጠዋት አንድ ለካባው። ምናልባት አንድ ደግሞ ለክብሩ።

ፊዳ ብልቃጡን ደብቃዋለች። የዶሮ መኖ ውስጥ አገኘሁት። ተማሪ ሲደብቅብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ከእኔ ዕቃ አይደበቅም።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

ሁሉንም ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የእኛ ወገን በአንድ ግድግዳ፣ የአቡ ሹጃዕ ወገን ፊት ለፊት። እኔ መሀል ላይ፤ አቡ ሰኽር በግራዬ፣ ሚቅዳድ ከኋላዬ። ካባው ምንም አላለኝም፤ ሕመሙ ድምፁን አጥፍቷል። እኔም አብሬው ልጠፋ ምንም አልቀረኝም። ቡናው ተቀድቶ ከፊቴ ተቀመጠ፤ የሄሉ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ነው። ከእነሱ ወገን አንድ አዛውንት እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ ተነሡ። በነቢዩ ጀመሩ፣ ወደ አባቶቻችን ሄዱ፣ ከአባቶቻችን ወደ ዘንድሮው ዝናብ ተሻገሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ተኛሁ። ይኸው ጻፍኩት። ተኛሁ።

በሕልሜ ቤቴ ነኝ፤ ፊዳ ቡና ቀድታ "ጠጣና ተነሣ፣ ታረፍዳለህ" ትለኛለች። ጠጣሁ። የነቃሁት በምሬቱ ነው። ፍንጃሉ እጄ ላይ ነው። ባዶ ነው።

አዛውንቱ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀርተዋል። አቡ ሰኽር ከከንፈሩ በታች "ያ አላህ" አለ፤ ይህን ብቻ ያለክፋት ነው ያለው። ገና አልጠየቅኩም እኮ! ሳይጠይቅ የጠጣ ሽማግሌ "ልጃችሁን አልፈልጋትም፣ ለቡናችሁ ነው የመጣሁት" እንዳለ ነው፤ ያውም በገዛ ቤቷ፣ በወገኖቿ ሁሉ ፊት። ከፊት ለፊት ጎረምሶች መነሣት ጀመሩ። ዞሬ ሚቅዳድን ለማየት አንገቴ እምቢ አለኝ። ወንድሜ እጄን የያዘበት ቀን መጣብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አቡ ሹጃዕ ተነሣ።

"ቁጭ በሉ" አላቸው ልጆቹን። መቁጠሪያውን እየቆጠረ አዳራሹን አቋርጦ መጣና ፍንጃሉን ከእጄ ወሰደ። ውስጡን አየው። ገለበጠው። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ወገኖቼ" አለ፣ "በእኛ አገር ሳይፈቀድለት ፍንጃል የሚያነሳ ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

ፍንጃሉን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

"እኔም አላየሁም። አቡ ጋሊብ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ወግ አዋቂ ናቸው፤ ሳይፈቀድላቸው አይጠጡም። ጠጥተዋል። እንግዲያው ልጄን ፈቅጃለሁ ማለት ነው!" ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "መቼ እንደፈቀድኩ ግን ትዝ አይለኝም። ምናልባት የተኛሁት እኔ ነኝ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከሴቶቹ ወገን እልልታው ቀለጠ። ያ ገታራ ነው የምለው ሰው ትከሻዬን ይዞ አነሣኝና "በሉ አሁን ንግግርዎን ይስጡን፤ ዕዳ አለብዎት" አለኝ። ምን እንዳልኩ አላውቅም። በሕይወቴ አጭሩ ንግግር እንደነበር ግን ሁሉም መስክሯል፤ አንዳንዱ ደስ ብሎታል።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

ዶክተር ሲሪን ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። የተውኩትን ፊዳ ሞላችልኝ። ሪዜን፣ ለቅሶ ቤቱን፣ ለካባውና ለክብሩ የዋጥኩትን። ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ወረቀቷን አየች፤ ከዚያ ኮስተር አለች።

"አባባ፣ እንቅልፉ የመድኃኒቱ ነው፤ የእርስዎ ውርደት አይደለም። በላይ በላዩ መጨመሩ ግን አደገኛ ነው። ብዙ ሰው እንደ እርስዎ ይደብቀዋል፤ ከዚያ ይወድቃል፣ ወይ መሪ ይዞ ይተኛል። እርስዎ ቡና ጠጥተው ተረፉ።"

መጠኑን ቀንሳ ማታ ብቻ አደረገችው። ለጎኔም የሚለጠፍ መድኃኒት ጨመረችልኝ፤ የሚያመው ቦታ ላይ ብቻ ይለጠፋል።

"ካባዬስ?" አልኳት።

"ቀለል ያለ ካባ የለዎትም?"

"አለው" አለች ፊዳ። "ስስ የበጋ ካባ ሳጥን ውስጥ አለው። ክብር የለውም ብሎ ነው።"

ሁለቱም አዩኝ። ጣራውን አየሁ።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

ስሱን ካባ ለብሼ መስጊድ ሄድኩ። ይነካል እንጂ አያቃጥልም። ኹጥባውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት፤ ለካ ረጅም ነው።

ሚቅዳድ ለምሳ መጣ። ፊዳ መንሰፉን፣ የበግ ሥጋ በሩዝ፣ አቀረበች። ዛሬ አልቻልኩም፣ ጠየቅኩት።

"ያኔ ወጥ ቤት ስትንሾካሾኩ ለአቡ ሹጃዕ ነግሬዋለሁ ያልከው ምን ነበር?"

ልጁ ፊዳን አየ። ፊዳ ትከሻዋን ሰበቀች።

"እንደሚተኙ" አለ። "አጎቴ መድኃኒት ላይ ናቸው፣ መሀል ላይ እንቅልፍ ሊጥላቸው ይችላል፣ እንዳትቀየሙን አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"'ታዲያ ለምን የነቃውን አቡ ሰኽርን ይዘህ አትመጣም?' አለኝ።"

"እውነቱን ነው። ለምን አልወሰድከውም?"

ሚቅዳድ እጁን ከሩዙ አነሣ። ፊቱ ቀላ።

"'አባቴ በሕይወት ኖሮ እንቅልፍ ቢጥለው፣ ሌላ አባት ተውሼ እመጣ ነበር ወይ?' አልኩት።"

አለቀስኩ፤ በጠራራ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ከእነነፍሴ ነቅቼ።